እትዬ የሻረግ ልብስ ሲያነቡ

መናኸሪያ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ከሚኒባስ የሚወርደውን መንገደኛ ከጫማው እስከ ባርኔጣው አንድ ጊዜ ብቻ ቃኝቶ የሕይወት ታሪኩን የሚጨርስ ሰው አይጠፋም። ያላገባውን ያፋታል፣ ያልሰረቀውን ያሳስራል፣ ደመወዝተኛውን ባለሀብት ያደርጋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ነው። እኔ ባደግሁባት ዳንግላ አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበረን። ጥሊሊ ላይም አንድ ጫማ ጠጋኝ እንዳለ ይነገራል። እንጅባራ ግን እትዬ የሻረግ አሏት፤ እሳቸው ካሉ ሌላው ሁሉ ጀማሪ ነው።

ክብርት እትዬ የሻረግ፣ ሊቀ አልባሳት ዘእንጅባራ፣ ሻይ ቤታቸው ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ነው። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አድርገው የሚያስሩ ሴት ናቸው። በአንድ እጃቸው ማንቆርቆሪያውን ይይዛሉ፣ በሌላው የመስኮቱን መስታወት ይወለውላሉ። ሻዩን ሳያዩ ይቀዳሉ፤ ፈስሶባቸው ግን አያውቅም። ዓይናቸው ሁልጊዜ ውጭ ነው።

የእንጅባራን ጠዋት የማያውቅ ሰው የእሳቸውን ሥራ ሊረዳው አይችልም። ጉሙ ከተራራው ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ ፀሐይ ብትወጣም አይነሣም። ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው ሲያልፉ ጎማቸው መሬት የነካ አይመስልም። ሰው ከጉሙ ውስጥ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ፊቱ አይደለም፤ ልብሱ ነው። ቀይ ሹራብ ብቻውን መንገድ ይሻገራል። ነጭ ነጠላ በአየር ላይ ይሄዳል። አንድ ካፖርት ቆሞ ባጃጅ ይጠራል። ባለቤቱ የሚደርሰው ቆየት ብሎ ነው። እትዬ የሻረግ ደግሞ ባለቤቱ እስኪደርስ አይጠብቁም።

ይህን ዕውቀት ከየት እንዳገኙት አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። በአገጫቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ቴሌቪዥኑ ከጧት እስከ ማታ በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ድራማ ያሳያል። የሚያልቅ ድራማ አይደለም፤ አንዱ ሰው ሲሞት መንታ ወንድሙ ይመጣል።

«ፊልሙ ላይ አይቸዋለሁ» ካሉ ይግባኝ የለም። በእሳቸው ሕግ ነጭ የለበሰች ሴት ተበዳይ ናት። የእጅ ቦርሳዋን ክርኗ ላይ ያንጠለጠለች ሴት የልጇን ጋብቻ ልታፈርስ የምትሄድ እናት ናት። ከረባቱን ያላላ ሰው ሊከስር ነው። ሹራቡን አንገቱ ላይ ያሰረ ወጣት የሀብታም ልጅ ነው፣ ፍቅር ይዞታል፣ ልጅቷ ግን እህቱ ሆና ትገኛለች።

እኔን መጀመሪያ ያነበቡኝ ወደ እንጅባራ ተዛውሬ በመጣሁበት ሳምንት ነው። ቢሮ ከመግባቴ በፊት ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ካፖርቴን አዩት፤ የላይኛው ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል።

«ሚስትህ ጥላህ ሄዳለች» አሉኝ።

«ኧረ አግብቼ አላውቅም፣ እትዬ።»

«ይሁን። ዳቦ ልጨምርልህ?»

ደጋግሜ ነገርኋቸው። ያላገባሁ መሆኔን የሚያውቅ የዳንግላ ሰው እንኳ ምስክር አድርጌ አመጣሁ። እሳቸው ግን ለደንበኞቻቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፀጋው አይናገርም እንጂ ተጎድቷል» ይሉ ነበር። አንዳንድ የማላውቃቸው ሰዎች ገብተው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወጥተዋል።

አንድ ቀን ሙሉ ሱፍ የለበሰ፣ ከረባቱን በደንብ ያጠበቀ፣ ጥቁር ሳምሶናይት የያዘ ሰው ከሚኒባስ ወረደ። እትዬ የሻረግ ከወንበራቸው ተነሡ። «አዲሱ ኃላፊ መጣ» አሉ። ወንበር በመሐረባቸው ጠረጉለት። የተቀመጥነውም ሳናስበው ቀጥ ብለን ተቀመጥን። ሰውየው ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ሳምሶናይቱን ጠረጴዛ ላይ ከፈተና የአይጥ መርዝ ይሸጥልን ጀመር። ሁላችንም ወደ እትዬ የሻረግ ዞርን። እሳቸው ቅንጣት አላፈሩም።

«ልብሱ የኃላፊ ነው» አሉ። «ሥራውን የተሳሳተው እሱ ነው።»

ቤዛዊት የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርትም አለች። ስኒከር ጫማና ኮፍያ ስለምታዘወትር እትዬ የሻረግ ሯጭ አድርገዋታል። መጀመሪያ ታርማቸው ነበር። አሁን ትታዋለች። «ልምምድ እንዴት ነው?» ሲሏት «ደህና ነው፣ እግሬን ትንሽ አሞኝ ነበር» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም የተቀቀለ እንቁላል ይጨምሩላታል።

እንዲህ ሳወራ ሰዎች ቀልደኛ ያደርጓቸዋል። ቀልደኛ ግን አይደሉም። አንድ የጥቅምት ጠዋት ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ሴት ከባሕር ዳሩ ሚኒባስ ወርዳ መንገዱ ዳር ቆመች። ወዴት እንደምትሄድ የጠፋት ትመስላለች። እትዬ የሻረግ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ።

«ይቺ ሴት» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንድ ሰው አግቢኝ ብሏት እንቢ ብላ መምጣቷ ነው። መንገድ ላይ ስትመጣ ግን እንደምትወደው ገባት። አሁን መመለስ አፍራለች።»

ማንም አልሳቀም። ቢጫው ጃንጥላ ጥቂት ቆየና መንገዱን ተሻገረ። ከዚያ ጉሙ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ሴትየዋ ጠፋች፣ ቢጫው ብቻ ቀረ፣ በመጨረሻ እሱም ደበዘዘ። ሻያችን ቀዝቅዟል። አንድ አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ «ብትመለስ ይሻላት ነበር» አለ፤ ለራሱ ነው ያለው። ያን ቀን ቢሮ አርፍጄ ገባሁ። ወረቀቶቼን እያገላበጥሁ የማስበው ስለማላውቃት ሴት ነበር።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ ሻይ ቤቱ ውስጥ ተወልዶ ሻይ ቤቱ ውስጥ ይቀር ነበር፤ ሶስና ስልኳን እስክታነሣ ድረስ።

ሶስና ከእትዬ የሻረግ ጓሮ አንድ ክፍል የተከራየች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሴትየዋን ትወዳቸዋለች፤ ክፋት አስባ ያደረገችው ነገር የለም። በኅዳር ወር አንድ ጠዋት እትዬ የሻረግ መንገደኛ ሲያነቡ ከጎናቸው ሆና ትቀርጻቸው ነበር። በዚያ ሰዓት ከጉሙ ውስጥ አንድ ረጅም ጥቁር የቆዳ ካፖርት ወጣ። ከካፖርቱ በላይ ጥቁር መነጽር አለ። ከመነጽሩ በስተጀርባ ያለው ሰው መናኸሪያው በር ላይ ቆመና ግራና ቀኝ ተመለከተ።

እትዬ የሻረግ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«እዩት፣ ጠላፊው መጣ» አሉ። «ልጅቷን ከሠርጓ ቀን በፊት በመኪና የወሰዳት እንዲህ የለበሰው ነው። መነጽሩን የማያወልቀው ዓይኑ ውስጥ ያለው ነገር እንዳይታይበት ነው። ሴት ልጅ ያላት እናት ይኼ ሰው ሲያልፍ በሯን ትዝጋ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሰውየው ባጃጅ ይዞ ሄደ። ሶስና ኔትወርክ በመጣ ጊዜ ቪዲዮውን ሙዚቃ ጨምራበት ለቀቀችው።

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ የሻረግ ታወቁ። መጀመሪያ ተማሪዎቹ መጡ፤ ቀጥሎ ከጥሊሊ ሰው መጣ፤ ከዚያ ከየት እንደመጣ የማናውቀው ሁሉ መጣ። «እኔን ያንብቡኝ» እያሉ ይሰለፋሉ። አንድ ወጣት የሚዜነት ሱፉን ለብሶ መጣ። አንዷ ሦስት ሹራብ ይዛ መጥታ እየቀያየረች አስነበበች። የቀርከሃ ወንበር ከጎረቤት ተለመነ። እትዬ የሻረግ አዲስ ነጠላ አወጡ። ማታ ማታ ሶስና አጠገብ ተቀምጠው ራሳቸውን በስልኩ ያዩና «ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ?» ይሏታል። ደስ ብሏቸው ነበር። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ብዙ ሰው አይጠይቃቸውም ነበርና አልፈረድሁባቸውም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ካፊያ እየጣለ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሆነን ሳለ፣ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ጋቢ ለብሷል፣ እግሩ ላይ የላስቲክ ጫማ ነው፣ በእጁ ፌስታል ይዟል። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ብርሃን ያስቸገረው ይመስል ያጠባቸዋል።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» አለ። «ሰው ያነባሉ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ግባ፣ ግባ። ዝናብ ላይ አትቁም።»

ገብቶ መሐል ላይ ቆመ። እትዬ የሻረግ ከጫማው ጀመሩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ለሰለሰ።

«አንተ የገጠር ሰው ነህ» አሉት። «ጋቢህ ታጥቦ፣ ታጥፎ ነው የወጣው፤ ሚስትህ ትወድሃለች። ዓይንህ የቀላው ለቅሶ ቤት አድረህ ይሆናል፤ ሰው ሲሞት ከልብህ ታለቅሳለህ። አንተ ሰው አትበድልም። ቢበድሉህም ዝም ትላለህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሰውየው።

ጋቢውን አወለቀ። አጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከፌስታሉ ውስጥ ረጅም ጥቁር የቆዳ ካፖርት አወጣና ለበሰ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ። ከካፖርቱ ኪስ ጥቁር መነጽር አውጥቶ ዓይኑ ላይ አደረገ። ከዚያ እጆቹን ወደ ጎን ጥሎ ቆመ።

«አሁንስ፣ እትዬ?»

ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ሴት ታለቅስ ነበር። ሶስና ተነሥታ ዘጋችው። የቆርቆሮው ላይ ካፊያ ብቻ ተሰማ።

«ውዱ እባላለሁ» አለ ሰውየው። «ዳንግላ ባለጋሪ ነኝ። የዓይኔ ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሲወጋኝ ኖሮ ኦፕራሲዮን ተሠራሁ። ያን ቀን እንጅባራ የመጣሁት የተሠራውን ዓይኔን ደግመው ሊያዩልኝ ነው። ሲሠሩኝ ፀሐይና አቧራ እንዳያገኝህ ብለው መነጽሩን ሰጥተውኛል። ካፖርቱን የአጎቴ ልጅ ነበር የሚለብሰው፤ እሱ ሲያርፍ እናቱ ለአንተ ይሁን አለችኝ። ጋሪ ላይ ዝናብ አያስገባም።»

«ተቀመጥ» አለው አንድ ሰው። አልተቀመጠም።

«ለጠብ አልመጣሁም። ግን ሴቶቹ ጋሪዬ ላይ አይወጡም። ገበያ ውለው ሸክማቸውን ይዘው ሲመጡ እኔን ያዩና ወደ ኋለኛው ጋሪ ይሄዳሉ። እየሳቁ ነው የሚሄዱት፤ ግን ይሄዳሉ። ልጄን ትምህርት ቤት 'አባትሽ ማንን ጠለፈ?' ይሏታል። ሚስቴ ታውቀኛለች። እሷም ግን ባለፈው እሑድ ዘመዶቿ ሲመጡ 'መነጽሩን አውልቀህ ተቀመጥ' አለችኝ። አፍራ ነው። ከዚያ በኋላ ተውሁት። መነጽሩንም ካፖርቱንም ተውሁት። ይኸው አቧራው ዓይኔን መልሶ አሳመመው። ለቅሶ ቤት አላደርሁም፣ እትዬ።»

እኔ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ለሁሉ ነገር ቃል የማላጣ ይመስለኝ ነበር። ያን ሰዓት የማየው ወለሉን ነበር። ሶስና ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች።

እትዬ የሻረግ ተነሡ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ወደ ውዱ ሄዱና በአዊኛ ተናገሩት። እሱም በአዊኛ መለሰ። እኔ አዊኛ አልሰማም፤ የሰማሁት ድምፃቸው እየቀነሰ መሄዱን ብቻ ነው። ብዙ ተናገሩ። አንድ ጊዜ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አደረጉ። እሱም ረጅም ስለሆነ ጎንበስ አለላቸው። እጃቸውን ዘርግተው መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አወለቁት። የካፊያ ጠብታ ነበረበት። በአዲሱ ነጠላቸው ጫፍ ግራውን ጠረጉ፣ ቀኙን ጠረጉ፣ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ከዚያ መልሰው አደረጉለት።

ሲሄድ እስከ መናኸሪያው በር ሸኙት። ተመልሰው ሲመጡ ሶስና ቪዲዮውን አጥፍታዋለች። ቀድሞ በስንቱ ስልክ ውስጥ እንደገባ ግን እሷም አታውቅም።

«ይቅርታ የሚል ሌላ ቪዲዮ እንሥራ፣ እትዬ» አለቻቸው እያለቀሰች። «የሚያስተምር ነገር እንዲሆን። እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እቀርጻለሁ።»

«ስልኩን አስቀምጪው፣ ልጄ» አሉ። «ለቅዳሜ ገበያ ዳንግላ እሄዳለሁ። ፀጋው፣ አንተ አገርህ ነው፤ ትወስደኛለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ቤቱን ተዘግቶ አገኘሁት። መናኸሪያው ሁሉ ግራ ገብቶታል፤ ሾፌሮች የተዘጋውን በር እያዩ ይቆማሉ። በጓሮ በኩል ስገባ እትዬ የሻረግ ሣጥናቸውን ከፍተው ልብስ አልጋ ላይ ደርድረዋል። ሶስና መስታወት ይዛ ቆማለች። በመጨረሻ ጥልፉ እስከ ጫማቸው የወረደ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለበሱ፤ ከላዩ ጥቁር ካባ ደረቡ፤ የወርቅ ጉትቻቸውን አደረጉ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን እመስላለሁ?»

«የሙሽራ እናት» አልኋቸው።

«ደግ። የሙሽራ እናት የጠላፊ ጋሪ ላይ አትወጣም። ይኼን ዳንግላም ያውቃል።»

ይህን ሲሉ ቀና ብዬ አየኋቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሰው ልብስ ሲያነቡ እንጂ የራሳቸውን ሲጽፉ አይቻቸው አላውቅም።

ሚኒባሱ ከእንጅባራ ሲወጣ ጉሙ ገና አልተነሣም። ባሕር ዛፎቹ እግር እንጂ አናት የላቸውም። ላሞች በጭጋጉ ውስጥ የሚዋኙ መስለው ያልፋሉ። ማንም አያወራም፤ ተሳፋሪው ግማሹ ያንቀላፋል። እትዬ የሻረግ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነጭ ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው ይዘዋል። አዲስ ቅዳም ከተማን ስናልፍ «ባይመጣስ?» አሉኝ። «ይመጣል» አልኋቸው። ትንሽ ቆይተው «ባይመጣም አልፈርድበትም» አሉ። ወደ ዳንግላ ስንጠጋ ሰማዩ ተከፈተ፤ ፀሐይዋ በአንድ ጊዜ ጭናችን ላይ ወረደች።

ውዱ መጥቷል። ከፈረሱ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ያን ቀን ሲሸኙት እንዳዘዙት ጥቁሩን ካፖርት ለብሷል፣ መነጽሩን አድርጓል። በዚያ ፀሐይ ያልበዋል። እጅ ነሣቸው። ደግፏቸው ጋሪው ላይ ወጡ፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥሁ።

«ቀስ አድርገህ ንዳ» አሉት። «በገበያው መሐል።»

ዳንግላ ገበያው ሲሞላ ጋሪ የሚሄደው በሰው ትከሻ መካከል ነው። ፈረሱ ደወሉን እያሰማ ገባ። መጀመሪያ ያወቁን የሽንኩርት ነጋዴዎቹ ናቸው። «የቪዲዮዋ ሴትዮ» የሚል ድምፅ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ሲሄድ ይሰማኛል። ጨዋታው እየቆመ፣ ሰው እየዞረ መጣ። ስልኮች ወደ ላይ ወጡ። እትዬ የሻረግ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ካባቸው አልተነቃነቀም። ጉትቻቸው ብቻ በጋሪው እርምጃ ይወዛወዛል። ገብስ ተራን አለፍን፣ ድንች ተራን አለፍን፣ ዞረን እንደገና ገባን።

ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር አንዲት ቅቤ ነጋዴ ከመንገዱ ዳር ጠራቻቸው። በቀለች ትባላለች፤ በልጅነቴ የእናቴ ደንበኛ ነበረች።

«እትዬ፣ ጠላፊ ያሉት እኮ እሱን ነው» አለች።

«አቁም» አሉት ውዱን።

ጋሪው ቆመ። በዙሪያችን ያለውም ሰው ቆመ።

«አዎ፣ እሱን ነው ያልሁት» አሉ። «ያን ቀን አላውቀውም ነበር። ካፖርቱንና መነጽሩን አየሁ፣ ከፊልም ያየሁትን ሰው ስም ሰጠሁት። ስሙ ግን ውዱ ነው። መነጽሩ የዓይን መታከሚያው ነው፤ ካፖርቱም ከሟች የአጎቱ ልጅ የቀረ ነው። እሱ ያጠፋው ነገር የለም። ያጠፋሁ እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ በናንተ ፊት ደግሞ እጠይቀዋለሁ።» ከጋሪው ላይ እንዳሉ ወደ ውዱ ዞረው ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ሴትየዋን አዩአት። «የምትሄጂ ከሆነ ውጪ። ቦታ አለ።»

በቀለች አልወጣችም። ቅሏን በክንዷ አቅፋ ውዱን ታየዋለች። እሱ ልጓሙን እያየ ነበር። ፈረሱ ጭራውን ወዘወዘ። ከሩቅ የአንድ ባጃጅ ጡሩንባ ተሰማ። በሕልም ውስጥ የቆምን መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ አለ፣ ማንም አይንቀሳቀስም።

«ዓይንህን አሁን ይሻልሃል?» አለችው በመጨረሻ።

«መነጽሩን ሳደርግ ይሻለኛል።»

«አድርገዋ ታዲያ» አለችና ቅሏን ለእኔ አቀበለችኝ። ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። እትዬ የሻረግ አጠገብ ተቀመጠች።

ሁሉም ሰው ተለወጠ ብል ውሸት ነው። አንዳንዱ እየሳቀ ሄደ። አንድ ጎረምሳ «ጠላፊው ዛሬ ደግሞ የሙሽራዋን እናት ይዟል» ብሎ ጮኸ፤ ማታ በዚያ ስም ሌላ ቪዲዮ ወጥቶ እንደነበር ሶስና ነገረችኝ። ያኔ ግን ጎረምሳው ሲጮህ ውዱ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የከፋው መስሎኝ ዘንበል ብዬ አየሁት። እየሳቀ ነበር። እትዬ የሻረግም ሳቁን ሰምተው አፋቸውን በካባቸው ጫፍ ሸፈኑ።

እስከ ማምሻው ድረስ አልወረዱም። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እሳቸው ከቦታቸው አልተነሡም። ሸክም ሲያግዙ፣ የሰው ሕፃን ሲያቅፉ፣ ከማያውቋቸው ሴቶች ጋር ስለ ጤፍ ሲያወሩ ዋሉ። በመጨረሻ ውዱ ሚስቱና ልጁ ጋ ወሰደን። ልጅቷ በር ላይ ቆማ አባቷን በካፖርቱና በመነጽሩ አየችው፣ ከዚያ ወርቃማ ጥልፍ ያለውን ቀሚስ አየች። እትዬ የሻረግ ወርደው ግንባሯን ሳሙ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ እሱም በአዊኛ ነበር።

ስንመለስ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ እትዬ የሻረግ ጫማቸውን አወለቁ፤ እግራቸው አብጧል። ጫማውን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ። የነጩ ቀሚስ ጫፍ ጭቃ ሆኗል፣ ካባው ላይ ገለባ ተጣብቋል። ከፊታችን አንድ ሙሉ ጅንስ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። እትዬ የሻረግ ትኩር ብለው አዩት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ይኼ ሰው...» አሉና ተዉት። ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እንጃ፤ ምኑን አውቄው።»

ጥቂት ሄድን። ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ግን ኮሌታውን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ወይ ጉድ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ብዙም ሳይቆዩ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ።

ከአዲስ ቅዳም በኋላ ጉሙ እንደገና ተቀበለን። መብራቶቹ ነጭ ግድግዳ ላይ ይወድቃሉ፤ መንገዱ ከፊታችን የሚሠራ፣ ከኋላችን የሚፈርስ ይመስላል። እንዳይነቁ ብዬ ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ ተቀመጥሁ። ሻይ ቤቱ ነገ እንደሚከፈት አሰብሁ፤ ዓይናቸው ተመልሶ መስኮቱ ላይ እንደሚሆን፣ እኔም ተመልሼ እዚያው ወንበር ላይ እንደምቀመጥ። የከተማው ሰው ሁሉ በጉሙ ውስጥ ሲያልፍ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣ ስለ እያንዳንዱ የምታስብ መሆኗ መልካም ነገር ሆኖ ታየኝ፤ ብትሳሳትም እንኳ። ለብዙዎቻችን ተሳስቶም የሚያስብልን የለም።

ሾፌሩ እንጅባራ መግቢያ ላይ ፍጥነቱን ቀነሰ። በውስጥ መስታወቱ አየን፤ የለበሱትን ቀሚስ፣ ጭኔ ላይ ያለውን ጫማ፣ ትከሻዬን አየ።

«ወንድም፣ እናትህን ቀስቅሳቸው» አለኝ። «ገብተናል።»

«እሺ» አልሁት።

እጃቸውን ያዝሁ። ቀዝቅዟል።

«እማዬ፣ ደርሰናል» አልኋቸው።

ዓይናቸውን ገልጠው ለጥቂት ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ጫማቸውን ከጭኔ ላይ ወሰዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም።